ፍሪጁን እናስጠግነው ወይስ እንቀይረው?



በሞቃት አገር የሚኖሩ ቤተሰቦችን በየዓመቱ ከሚያሳስቧቸው ወጪዎች አንዱ የክፍል አየር ማቀዝቀዣ፣ በተለምዶ ኤሲ የምንለው መሣሪያ ጥገና ነው። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ዘመድ ያላችሁ ይህን ሳትሰሙ አትቀሩም። እኛ የምንኖርባት ሐዋሳ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የየካቲትና የመጋቢት ሙቀት ቢያስቸግርም፣ መስኮት ከፍቶና ቬንትሌተር አዙሮ ማሳለፍ ይቻላል። በምሥራቅ ክፍለ ከተማ መንደሮች ብንዞር ኤሲ ያለው መኖሪያ ቤት የምናገኘው ከስንት አንድ ነው። የኤሲው የቅርብ ዘመድ የሆነው ፍሪጅ ግን በብዙዎቻችን ቤት አለ። አሠራራቸው አንድ ነው፤ ሕመማቸውም ይመሳሰላል፤ ባለቤቱን የሚያስጨንቀው ጥያቄም ያው ነው፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ጥያቄው እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ፍሪጅ ለብዙ ቤተሰብ በዕቁብ ዕጣ ወይም ባሕር ማዶ ያለ ልጅ በላከው ገንዘብ የተገዛ ዕቃ ነው። እርጎና ጁስ ሸጣ ልጆቿን ለምታስተምር እናት የእንጀራ መሣሪያዋ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ባለበት ቤት ደግሞ ኢንሱሊን የሚቀመጠው እዚያ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ሁላችንም በኪሳችን አይተነዋል። አዲሱ ፍሪጅም ተወዷል፤ መለዋወጫውም ተወዷል። እንግዲህ ሊድን የሚችለውን ዕቃ መጣል ኢስራፍ እንደሆነ ሁሉ፣ በማይድን ዕቃ ላይ ደጋግሞ ገንዘብ ማፍሰስም ኢስራፍ ነው። ከሁለቱም የሚያድነን ጥቂት እውቀት ነው።

ጋዝ አያልቅም

ከሁሉ በፊት የፍሪጅን አሠራር በአጭሩ እንመልከት። ከጀርባው በስተታች ያለው ጥቁር ድቡልቡል ብረት ኮምፕሬሰር ይባላል፤ ብዙዎቻችን "ሞተር" እንለዋለን። ሥራው ጋዙን ጨምቆ በቧንቧ ውስጥ መግፋት ነው። ሲጨመቅ የጋለው ጋዝ በጀርባ ወይም በጎን ግድግዳ ውስጥ በተዘረጋው ቧንቧ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ይሰጥና ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያም በማጣሪያና በጣም በቀጠነች ቧንቧ አልፎ ወደ በረዶ ቤቱ ሲገባ ይተናል፤ ሲተንም ከምግቡ ሙቀት ይስባል። የተነነው ጋዝ ወደ ሞተሩ ተመልሶ ዑደቱን እንደገና ይጀምራል።

ከዚህ አሠራር እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊይዘው የሚገባ አንድ ቁም ነገር ይገኛል። ጋዙ የሚዞረው በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ነው። እንደ ምድጃ ጋዝ ነዶ አያልቅም፤ እንደ መኪና ዘይትም በየጊዜው አይቀየርም። ለብዙ ዓመታት ያገለገለ ፍሪጅ ከፋብሪካ ይዞት በወጣው ጋዝ ሲሠራ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ "ጋዝ አልቋል" ከተባልን ትርጉሙ አንድ ነው፦ አንድ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግና ሳይደፈን ጋዝ መሙላት በሚያፈስ እንስራ ውኃ እንደመቅዳት ነው። ከጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ ፍሪጁ ወደ ሕመሙ፣ እኛም ወደ ቦርሳችን እንመለሳለን። አበው "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" የሚሉት ለዚህም ይሠራል።

ባለሙያ ከመጥራታችን በፊት

ፍሪጁ ጨርሶ አልነሣ ካለ መጀመሪያ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ እንሞክረው። ስታብላይዘሩ ኃይል እያሳለፈ መሆኑን፣ የቴርሞስታቱ ማዞሪያም በልጆች እጅ ዜሮ ላይ አለመድረሱን እንይ። በየጥቂት ደቂቃው "ቀጭ" ብሎ የሚተው ከሆነ የኃይል ማነስ፣ ሞተሩን የሚያስነሣው የሪሌይ ብልሽት ወይም የሞተሩ የራሱ ችግር ሊሆን ይችላል። ሪሌይ ከሞተር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሪሌዩ ሳይፈተሽ "ሞተሩ ተቃጥሏል" የሚለውን ፍርድ አንቀበል።

እየሠራ በደንብ የማያቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ በሩን እንመርምር። አንዲት ወረቀት በበሩ መካከል አድርገን ዘግተን ስንስባት ያለ ምንም መያዝ ከወጣች ጎማው አየር ያስገባል። ብዙ ጊዜ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ማጠብ ብቻ ይበቃዋል፤ ካልሆነም ጎማው ይቀየራል። ከጀርባ የተከማቸ አቧራ፣ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ከምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ መቆም ሙቀቱን እንዳያስወጣ ያግደዋል። በበረዶ ቤቱ ውስጥ ጣት የሚያክል በረዶ ከተጋገረም ቅዝቃዜው ወደ ምግቡ አይደርስም። የዒደል አድሓ ሰሞን ትኩስ ሥጋ በአንድ ጊዜ እስከ አፉ ሞልተን "ፍሪጁ ደከመ" ማለትም ፍርደ ገምድልነት ነው። ሥጋውን ለባለ ሐቆቹ አካፍለን የተረፈውን በትንንሹ ከፋፍለን ብናስቀምጥ ለፍሪጁም ይቀልለዋል።

በዚህ የማይድኑ ነገር ግን በአነስተኛ ወጪ የሚጠገኑ ሕመሞች አሉ። ቴርሞስታት፣ ሪሌይ፣ የበር ጎማ፣ በረዶ በማይሠራው ዓይነት ፍሪጅ ውስጥ ያለው ቬንትሌተርና በረዶ ማቅለጫ እንዲሁም የተዘጋ የውኃ መውረጃ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። የፍሪጁ አካል ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ዕድሜው ቢገፋም እነዚህን ማስጠገን ያዋጣል።

መካከለኛው ሕመም፦ የጋዝ መፍሰስ

ሞተሩ ያለ ዕረፍት እየሠራ በረዶ ቤቱ በአንድ ጥግ ብቻ ውርጭ ከያዘ ጋዝ መፍሰሱን መጠርጠር ይቻላል። መንስኤው ብዙ ጊዜ የራሳችን ቢላዋ ነው። የተጣበቀ ሥጋ ለማላቀቅ ወይም በረዶ ለመፈርፈር በቢላ ጫፍ ስንቆፍር ስሷን የአሉሚኒየም ቧንቧ እንበሳለን። በረዶ የሚቀልጠው ፍሪጁን ነቅሎ በሩን በመክፈት ነው፤ ብንቸኩል ሙቅ ውኃ በሳህን አድርገን ውስጡ ማስቀመጥ እንችላለን።

ትክክለኛው ጥገና ቅደም ተከተል አለው። ባለሙያው ቧንቧውን በግፊት ሞልቶ በሳሙና አረፋ ቀዳዳውን ይፈልጋል፤ ይበይዳል ወይም ይደፍናል፤ ማጣሪያውን ይቀይራል፤ አየርና እርጥበቱን በቫኪዩም ፓምፕ መጥጦ ያወጣል፤ በመጨረሻም በጀርባ ያለው ጽሑፍ በሚያዘው መጠን ጋዝ ይሞላል። ከእነዚህ ደረጃዎች ዘለል ያለ ጥገና ሲርቅ ዕድሜው አጭር ነው። ቀዳዳው የሚታይ ቦታ ላይ ከሆነና ፍሪጁ ገና ወጣት ከሆነ ማስጠገን ተገቢ ነው። በግድግዳው ስፖንጅ ውስጥ ተቀብሮ የማይደረስበት ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመቀየሪያው ሰዓት ደርሷል።

የጋዙንም ዓይነት ማንበብ አይከፋም። በጀርባው ወይም በውስጡ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አር-12 የሚል ከሆነ ፍሪጁ በጣም የቆየ ነው። ይህ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በዓለም ደረጃ ለማቀዝቀዣ መመረቱ ቀርቷል፤ አገራችንም ስምምነቱን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። እንዲህ ያለው ፍሪጅ ጋዝ ካፈሰሰ ማሰናበት ይሻላል። ቀጥሎ የመጣው አር-134ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ዛሬ በብዛት የሚገቡት ደግሞ አር-600ኤ የያዙ ናቸው። ይህ የመጨረሻው ተቀጣጣይ ስለሆነ ጋዙ ሳይወጣና ክፍሉ ሳይናፈስ በእሳት መበየድ አደጋ አለው። የአንዱን ጋዝ በሌላው ፍሪጅ ውስጥ መሙላትም ሞተሩን ይጎዳል።

ከባዱ ሕመምና ስሌቱ

ሞተሩ ራሱ ሲሞት ወጪው ከፍ ይላል። ከሞተሩ ዋጋ ሌላ ማጣሪያው፣ ጋዙና የእጅ ዋጋው ይደመራልና። እዚህ ላይ በብዙ አገር የሚሠራበትን ቀላል መለኪያ እንጠቀም። የጥገናው ጠቅላላ ወጪ ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ከደረሰና ዕቃውም ከዕድሜው ግማሽ ካለፈ መቀየር ይሻላል። ፍሪጅ በደንብ ከተያዘ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል።

ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ለምሳሌ ያህል ብቻ እናስላ። ተመሳሳዩ አዲስ ፍሪጅ 60,000 ብር ነው እንበል። ፍሪጃችን አራት ዓመቱ ከሆነና 15,000 ብር ጥገና ከተጠየቅንበት እናስጠግነው። አሥራ ሁለት ዓመቱ ከሆነና 30,000 ብር ከተጠየቅን ግን ይህ ገንዘብ የአዲሱ ግማሽ መነሻ ነው። በመካከሉ ላለው ሁለት ነገር እንጨምርበት። አንደኛ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ለዚሁ ዕቃ የከፈልነውን ሁሉ እንደምር። ለአንድ ሕመም ሁለት ጊዜ ከፍለን ከሆነ ሦስተኛውን አንክፈል። ሁለተኛ፣ የሚበላውን መብራት እንለካ።

መለካቱ ከባድ አይደለም። ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍተን ፍሪጁን ብቻ ለጥቂት ሰዓት ትተን ቆጣሪው ምን ያህል እንደቆጠረ ማንበብ፣ ያንን በጠበቅነው ሰዓት ብዛት አካፍሎ በ24 ማባዛት ነው። ሰዓቱ በረዘመ መጠን ውጤቱ ይታመናል። አሮጌው በቀን 2.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ አዲሱ 1 ኪሎዋት ሰዓት የሚበላ ከሆነ ልዩነቱ በዓመት ወደ 550 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ይህን በደረሰኛችን ላይ ባለው ታሪፍ እናባዛው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ ለአራት ዓመት እንዲያድግ መደረጉን፣ ብዙ ለሚጠቀም ቤትም የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እንደሚል አንርሳ። ቢሆንም በመብራት ቁጠባ ብቻ ደህናውን ፍሪጅ መቀየር አያዋጣም። ቁጠባው የሚመዘነው ከጥገናው ወጪ ጋር ተደምሮ ነው።

ገንዘቡ እስኪሞላ

መቀየር እንዳለብን አውቀን ገንዘቡ ባይኖረንስ? ወለድ ወዳለበት ዱቤ ከመሮጥ በፊት የዕቁብ ተራ መለዋወጥን ወይም የዘመድ ቀርድን እናስብ። እስከዚያው አትክልቱን የሸክላ ዕቃ ሊይዝልን ይችላል። በሰሜን ናይጄሪያ ሙሐመድ ባህ አባ የተባሉ መምህር ትንሹን ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አስቀምጠው፣ መካከሉን እርጥብ አሸዋ ሞልተው፣ አፉን በረጠበ ጨርቅ በመሸፈን አትክልት ለብዙ ቀናት ሳይበላሽ እንዲቆይ አድርገዋል። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለም አቀፍ የሮሌክስ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ውኃው ሲተን ያቀዘቅዛልና ብልሃቱ የሚሠምረው በደረቅ አየር፣ በእኛም አገር በበጋ ነው። ለሥጋና ለዓሣ ግን አይሆንም።

ኢንሱሊን ያላችሁ ቤተሰቦች አትዘናጉ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ የሠራውም ከጥቅም ውጪ ነው። ፍሪጁ በተበላሸበት ዕለት ወደ ጎረቤት ፍሪጅ አሻግሩት፤ ስለተከፈተው ደግሞ የመድኃኒት ባለሙያችሁን ጠይቁ። ጎረቤት የሆንን ሁላችን ሳንጠየቅ ቦታ ብናመቻች ሐቃችንን ተወጣን ማለት ነው።

ገዳዩ መብራት ነው

ሞተር ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው የኃይል መዋዠቅ ነው። ማታ መንደሩ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጥድ ኃይሉ ይወርዳል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ብልጭ ድርግም ይላል። ሞተሩ በጠፋ ቅጽበት መልሶ ከተነሣ በቧንቧው ያለው ግፊት ገና ስላልረጋ ይታነቅና ይግላል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ፍሪጁን እንንቀል፤ ሲመለስም ቢያንስ አምስት ደቂቃ ቆይተን እንሰካ። ይህን በራሱ የሚያደርግ መዘግየት ያለው መከላከያ ቢገዛ ደግሞ የተሻለ ነው። ፍሪጅን ከምጣድ ወይም ከምድጃ ጋር በአንድ ዲቫይደር መሰካትም አይገባም። መብራት በጠፋ ጊዜ በሩ ካልተከፈተ ምግቡ ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ይህ ሁሉ "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚባለው ነው፤ አለበለዚያ በዚያው ሶኬት ላይ የምንሰካው አዲሱም ፍሪጅ የአሮጌውን ዕጣ ይደርሰዋል።

ባለሙያውና ባለ ዕቃው

በሁለቱ መካከል ያለው አማና ነው። ባለ ዕቃው የምርመራውንና የጥገናውን ዋጋ አስቀድሞ ይስማማ። ዕቃው ከቤት የሚወጣ ከሆነ የሞተሩን ቁጥር በስልኩ ፎቶ ያንሣ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ይቀበል፤ የተሠራውን፣ ቀኑንና የዋስትናውን ጊዜ የያዘ ወረቀት ይጠይቅ። ይህ ሰውን መጠርጠር ሳይሆን ሁለቱንም ከጭቅጭቅ የሚያድን የንግድ ሥርዓት ነው።

በሙያው የተሰማራችሁ ወጣት ወንድሞቻችን ሆይ፣ ሪሌይ ቀይራችሁ የሞተር ዋጋ ብትቀበሉ ባለቤቷ ላታውቅ ትችላለች፤ ከአላህ ግን አይሰወርም። ቀዳዳውን አግኝቶ የሚደፍን፣ የማይድነውንም "እናቴ፣ በዚህ ላይ ገንዘብዎን አይጨርሱ" የሚል ባለሙያ ከአንድ ቤት ቢያጣ ከመንደሩ ሁሉ ያገኛል። ገና ሥራ የምትፈልጉ ወጣቶችም የማቀዝቀዣ ጥገናን በትክክል ተምሮ የያዘ ሰው ሥራ እንደማያጣ አስቡ።

አዲስ ወይም ያገለገለ ስንገዛ

የቤተሰቡን ቁጥር የሚመጥን፣ መለዋወጫው በከተማው የሚገኝና ዋስትና ያለው እንምረጥ። በተለይ ከሳዑዲ ዓረቢያ ዕቃ የሚላክላችሁ ቤተሰቦች ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን የሳዑዲው 60 ኸርዝ ነው፤ በዚያ በ127 ቮልት የሚሠሩ ዕቃዎችም ነበሩ። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ሞተር እዚህ ያለ ወጉ ሠርቶ ሊግል ይችላል። የላከችው እህት ድካም በከንቱ እንዳይቀር ከመግዛቷ በፊት እንንገራት። በጉዞ ላይ ተጋድሞ የመጣ ፍሪጅም ቆሞ ለብዙ ሰዓት ሳያርፍ አይሰካ። አሮጌውን ለቆራሌው ስንሰጥ በሩን እንንቀለው፤ ሕፃናት ገብተው ሊታፈኑ ይችላሉና።

ኤሲ ላላቸው

በሞቃት ከተሞች ላሉ ዘመዶቻችሁ ይህንኑ አድርሱልን። ኤሲ ደከመ ሲባል መጀመሪያ የውስጡ ማጣሪያ ይታጠብ፤ የውጪው ክፍልም ከአቧራ ይጽዳ። ጋዙ በኤሲም አያልቅም፤ ያፈስሳል እንጂ። ጋዙ አር-22 ከሆነና ሞተሩ ከሞተ መቀየሩ ይመረጣል፤ ይህም ጋዝ በታዳጊ አገሮች እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ ከአገልግሎት እየወጣ ያለ ነው። ሐዋሳ ላይ ኤሲ ለመግዛት የምታስቡ ግን መጀመሪያ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ አሠሩ፤ ፀሐይ በሚገባበት በኩልም ጥላ ያለው ዛፍ ትከሉ። ቬንትሌተር የሚበላው መብራት ኤሲ ከሚበላው እጅግ ያነሰ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ፍሪጃችሁ ነገ ቢቆም ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የተበላሸው ምኑ ነው? ለምን ተበላሸ? ዕድሜው ስንት ነው? የሦስቱ መልስ ሳይታወቅ ብር ከኪሳችሁ አይውጣ። አላህ በገንዘባችን ላይ በረካ ይጨምርልን። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ድረስ ሰላም ሁኑ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።